ሙት ባሕር፦ ተንሳፍፎም ሰው ይሞታል

ፎቶውን ያላየ የለም። ሰውየው በጀርባው ተኝቶ፣ እግሩን ዘርግቶ፣ ውኃ ላይ ጋዜጣ ያነባል። በደቡብ እስራኤል፣ ኤን ቦቄክ በሚባለው የሙት ባሕር ዳርቻ ከተደረደሩት ትልልቅ ሆቴሎች ባንዱ ያረፈ እንግዳ ይህንኑ ፎቶ ሳይነሣ መመለስ አይፈልግም። ከፎቶው ጋር አብሮ የሚዞር አባባልም አለ፦ «ሙት ባሕር ሰው አያሰጥምም፤ ዋና የማይችልም ዝም ብሎ መግባት ይችላል።» አስጎብኚ ለእንግዳው ይለዋል፣ ቀድሞ የሄደ ለሚሄደው ይነግረዋል፣ ልጅ እናቱን ያደፋፍርበታል። ይህን አምነው ከገቡት መካከል በአምቡላንስ የተወሰዱ አሉ። ሕይወታቸው ያለፈም አሉ።

አባባሉ ከመሬት ተነሥቶ የመጣ አይደለም። የሙት ባሕር ውኃ ከክብደቱ ሲሦው ያህል ጨው ነው፤ ከሌላው ባሕር ጋር ሲነጻጸር ጨውነቱ አሥር እጥፍ ገደማ ይሆናል። አንዱ ሊትር 1.24 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝናል። የሰው አካል በአንጻሩ ከንጹሕ ውኃ ጋር የተቀራረበ ክብደት ስላለው፣ እዚያ የገባ ሰው ከአካሉ አንድ አምስተኛ ያህሉ ከውኃው በላይ ይቀራል። ነገሩ በጥንት ዘመንም የታወቀ ነበር። አርስቶትል በፍልስጥኤም ምድር ሰው ወይም እንስሳ አስረው ቢጥሉበት ስለማያሰጥም ሐይቅ የሚወራውን ጽፎ አልፏል። አይሁዳዊው የታሪክ ጸሐፊ ፍላቪየስ ጆሴፈስ ደግሞ የሮማው የጦር አዛዥ ቬስፓስያን ወደ ስፍራው በመጣ ጊዜ ዋና የማይችሉ ሰዎች እጃቸው ወደ ኋላ ታስሮ ጥልቁ ውስጥ እንዲጣሉ እንዳዘዘ፣ ሁሉም ተንሳፍፈው እንደተገኙ ተርኳል። አፋር ውስጥ በአሳሌ ሐይቅ ጨዋማ ውኃ ላይ የተኛ ኢትዮጵያዊም ይህን በገዛ አካሉ ያውቀዋል።

አካል ወደ ታች አይወርድም፤ እስከዚህ ድረስ እውነት ነው። ሰው ውኃ ውስጥ የሚሞተው ግን ወደ ታች ስለወረደ ሳይሆን አፍና አፍንጫው ውኃ ውስጥ ስለቆየ ነው። ለዚህ ጥልቀት አያስፈልግም። ሙት ባሕር አካልን ወደ ላይ ይገፋል እንጂ የትኛው ወገን ወደ ላይ እንደሚሆን አይመርጥም። ጀርባህ ላይ ሳለህ በጀርባህ ያንሳፍፍሃል። በሆድህ ከተገለበጥክም እንዲሁ በሆድህ ያንሳፍፍሃል፤ ፊትህን ውኃ ውስጥ እንዳደረግህ።

አደጋው ከዳርቻው ጥቂት እርምጃ ራቅ ብሎ፣ ደረት በማይደርስ ውኃ ውስጥ ሊከሰት ይችላል። በዕድሜ የገፉ አንዲት እናት እናስብ። በጀርባቸው ተንሳፍፈዋል፣ ፎቶም ተነሥተዋል፤ አሁን መነሣት ፈለጉ። እንደ ማንኛውም ውኃ እግራቸውን ወደ ታች ሊሰዱ ይሞክራሉ፤ ውኃው ግን እግራቸውን እንደ ቡሽ መልሶ ወደ ላይ ያወጣዋል። እንደገና ሲሞክሩ ወደ ጎን ዘንበል ይላሉ፤ በዚያ ቅጽበት ይገለበጡና ፊታቸው ውኃው ውስጥ ይገባል። እግር ወደ ላይ በተነሣ ቁጥር ራስ ወደ ታች ይደፋል። ውኃው ዐይን ውስጥ ሲገባ ክፉኛ ያቃጥላል፤ ዐይን ይጨፈናል፣ አቅጣጫ ይጠፋል፣ በድንጋጤ አፍ ይከፈታል። መጮኽ አይቻልም። ዳር ላይ ቆሞ ስልኩን የያዘው ልጅ እናቱን ተንሳፍፈው ያያቸዋል። እዚያ ያለው ሰው ሁሉ ተንሳፍፏልና አይደነግጥም።

ዋና መቻልም ብዙ አያድንም። በደረቱ መዋኘት የለመደ ሰው እግሩ ከውኃው በላይ ወጥቶ ስለሚቀር የሚቀዝፈው ያጣል፤ ራሱን ቀና አድርጎ ለመያዝ ሲታገል አንገቱና ወገቡ ይዝላል። በጀርባ ወደነበረበት መመለስ ከሚያስበው በላይ ጉልበት ይፈልጋል።

የሙት ባሕርን ከሌላው የሚለየው ዋናው ነገር የሚመጣው ደግሞ ውኃው ወደ ውስጥ ሲገባ ነው። ጨው ስንል ወጥ ውስጥ የሚጨመረውን ብቻ ካሰብን ተሳስተናል። በዚህ ውኃ ውስጥ ያለው ማግኒዚየም ከሌላው ባሕር ከ30 እጥፍ በላይ ነው፤ ካልሲየሙም እጅግ ብዙ ነው። የተዋጠው ውኃ ከአንጀት ወደ ደም ሲሻገር የሁለቱ መጠን ከልክ ያልፋል። ጡንቻ ይዝላል፣ ሰውየው ይደነዝዛል፣ የልብ ምት ይዛባል፣ ሲብስም መተንፈስ ይሳነዋል። ሳንባ የገባው ውኃ ሳንባውን ያቆስለዋል። የእስራኤል ሐኪሞች ይህን ጉዳት በሕክምና መጽሔቶች ላይ መጻፍ ከጀመሩ አሥርተ ዓመታት አልፈዋል። ሕክምናው በደም ሥር ፈሳሽ መስጠትን፣ ልብን በመሣሪያ መከታተልን፣ ሲከፋም ደምን በዳያሊሲስ ማጠብን ይጠይቃል። ከባድ ጉዳት ለማድረስ ስንት ጉንጭ እንደሚበቃ አንድ ቁርጥ ያለ ልክ የለም፤ እንደ ሰውየው ዕድሜ፣ ክብደትና ጤና ይለያያል። ከደም ውስጥ ትርፍ ማግኒዚየምን የሚያስወጣው ኩላሊት ስለሆነ የኩላሊት ሕመምተኛ ከሌላው የባሰ አደጋ አለበት።

ይህ ሁሉ የተደበቀ ምስጢር አይደለም። በዳርቻው የተተከሉት ሰሌዳዎች ራስን ውኃ ውስጥ መድፈቅ፣ መዝለልና ውኃ መረጫጨት ይከለክላሉ፤ በጀርባ ብቻ ተንሳፈፉ ይላሉ። ሰሌዳውን በየጊዜው የሚያየው አስጎብኚ አውቶቡስ ውስጥ ማይክሮፎን ሲይዝ «አትፍሩ፣ ይህ ባሕር ማንንም አያሰጥምም» ብሎ መናገሩ ይቅር የሚባል ነገር አይደለም። የጉዞ ወኪሉም ጋዜጣ አንባቢውን ፎቶ ሲለጥፍ ከሥሩ ሁለት መስመር ማስጠንቀቂያ ቢጨምር ገበያው አይቀንስበትም። እንግዳን ለማስደሰት ተብሎ ግማሹን እውነት መናገር ቸልተኝነት ነው፤ ሌላ ለስለስ ያለ ስም ሊወጣለት አይገባም።

ጉዳዩ ለአማርኛ አንባቢ ሩቅ አይደለም። በቤርሳቤህና በሌሎች የእስራኤል ከተሞች የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ቤተሰቦች ለበዓልና ለዕረፍት ወደ ሙት ባሕር ይወርዳሉ፤ በደጋ ያደጉ፣ በሕይወታቸው ዋና ያልሞከሩ አያቶችንም ይዘው ይሄዳሉ። ለትንሣኤ ኢየሩሳሌም የሚሳለሙ ምእመናን ኢያሪኮንና ዮርዳኖስን ሲጎበኙ የባሕሩ ሰሜናዊ ዳርቻ ቅርባቸው ነው። «ዋና አያስፈልግም» የሚለው ማደፋፈሪያ በብዛት የሚነገረው ለእነዚህ አረጋውያን ነው። ከመካከላቸው የደም ግፊት፣ የስኳር ወይም የኩላሊት ሕመም ያለባቸው አይታጡም።

ይህ ማለት ግን አይግቡ ማለት አይደለም። አገባብ አለው። ጠባቂ ባለበት የታወቀ ዳርቻ፣ ጠባቂው በሥራ ላይ ባለበት ሰዓት መሆን አለበት። ውኃው ከጉልበት ሲያልፍ ወንበር ላይ እንደሚቀመጡ ሆኖ ቀስ ብሎ ወደ ኋላ መቀመጥ ነው፤ እግር ራሱ ይነሣል። ለመነሣት ጉልበትን ወደ ደረት መሰብሰብ፣ ራስን ትንሽ ወደ ፊት ማምጣት፣ ሁለት እጅን ከጎን ወደ ታች እየገፉ መቀመጥ፣ ከዚያ ሁለቱንም እግር ቀጥ አድርጎ ወለሉን መርገጥ። ሰውነትን ወደ ጎን ማዞር አይገባም። ለእያንዳንዱ አረጋዊና ለእያንዳንዱ ልጅ እጁን የሚይዝ አንድ ሰው እዚያው ውኃው ውስጥ ይኑር፤ ስልኩን ዳር ላይ ይተው። ዐይን ውስጥ ውኃ ከገባ አለማሸት፣ በንጹሕ ውኃ ማጠብ። አንድ ጠርሙስ ውኃ በቅርብ ማስቀመጥ ለዚህ ይጠቅማል። በአንድ ጊዜ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ይበቃል። ብዙዎቹ ሆቴሎች በዚሁ በባሕሩ ውኃ የተሞላ የቤት ውስጥ ገንዳ አላቸው፤ ጣሪያ ስላለው አደጋው አይቀንስም፣ ደንቡ ያው ነው።

ሌሎቹ አፈ ታሪኮች የዚህን ያህል አይገድሉም፤ ሆኖም መታረም አለባቸው።

የኤን ቦቄክ ሆቴሎች እንግዳ በተፈጥሮው ሙት ባሕር ፊት ለፊት ያረፈ ይመስለዋል። የባሕሩ ደቡባዊ ክፍል ግን ውኃው እየሸሸ ሄዶ ከሰሜኑ ተቆርጦ ደርቋል። ዛሬ ከሆቴሎቹ ፊት ያለው የማዕድን ፋብሪካ የማትነኛ ኩሬ ነው፤ ውኃው ከሰሜኑ ባሕር በፓምፕ እየተሳበ በቦይ ይመጣል። ከዚህ የተነሣ እርስ በርሱ የሚቃረን ነገር ይታያል። ሰሜኑ ባሕር በየዓመቱ ከ1 ሜትር በላይ ይጎድላል፤ ገጹ ዛሬ ከውቅያኖስ ጠለል ከ430 ሜትር በላይ ዝቅ ብሏል። የሆቴሎቹ ኩሬ ግን ወለሉ ላይ ጨው ስለሚዘቅጥበት ውኃው በየዓመቱ 20 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ሲል ኖሯል፤ ሆቴሎቹን ያሰጋውም ድርቅ ሳይሆን ጎርፍ ነበር። ለዚህም ነው የእስራኤል መንግሥትና የፋብሪካው ኩባንያ በ2012 እ.ኤ.አ. የዘቀጠውን ጨው እየጠረጉ ለማውጣት የተስማሙት። ውኃው ያው የሙት ባሕር ውኃ ስለሆነ እንግዳው የሚከስረው ነገር የለም፤ ሆቴሎች ይህን በግልጽ ቢነግሩት ግን የሚያከብሩት ይሆናል።

ዳርቻው የሆቴል እንግዶች ብቻ ነው የሚለውም እውነት አይደለም። በኤን ቦቄክ ሕዝብ ያለ ክፍያ የሚገባበት፣ ጠባቂና የንጹሕ ውኃ መታጠቢያ ያለው ዳርቻ አለ። የሆቴል ዋጋ ያልቻለ ቤተሰብ ጠዋት ወርዶ ማታ መመለስ ይችላል።

ከዚህ ጋር የሚያያዝ አንድ አደገኛ ሐሳብ አለ፤ ግርግር ከበዛበት ይልቅ ጭር ያለ ዳርቻ ፈልጎ መውረድ ይሻላል የሚል። ባሕሩ በሸሸበት መሬት ሥር የከርሰ ምድር ንጹሕ ውኃ የጨውን ንጣፍ እያሟሟ ባዶ ዋሻ ይፈጥራል፤ ከላይ ያለው መሬት ድንገት ይደረመሳል። በምዕራቡ ዳርቻ እንዲህ ያሉ ጉድጓዶች በሺዎች ይቆጠራሉ። በሰሜን «ሚነራል ቢች» የተባለው የታወቀ መዝናኛ በ2015 እ.ኤ.አ. የተዘጋው በዚሁ ምክንያት ነው፤ የዓይንጋዲ ዳርቻም ከዚህ አልዳነም። አጥር ወይም ማስጠንቀቂያ ባለበት ቦታ አልፎ መሄድ በሕይወት መቀለድ ነው።

ፀሐዩ አያቃጥልም ይባላል። ቦታው ዝቅ ያለ ስለሆነ ቆዳን የሚያቃጥለው ጨረር ተጨማሪ አየር ውስጥ ማለፍ አለበትና በከፊል ይዳከማል፤ አይጠፋም ግን። በበጋቸው ሙቀቱ 40 ዲግሪ አካባቢ ይውላል። ጥላና የሚጠጣ ውኃ ያስፈልጋል።

ጭቃው ሁሉን ይፈውሳል የሚለው ደግሞ የሽያጭ ወሬ ነው። ሶሪያሲስ የተባለው የቆዳ ሕመም ያለባቸው ሰዎች እዚያ ለሳምንታት ተቀምጠው በሐኪም ክትትል ፀሐይና ውኃ ሲወስዱ ቆዳቸው እንደሚሻሻል በጥናት ታይቷል። ከፀሐዩና ከውኃው የትኛው ይበልጥ እንደሚሠራ ግን ባለሙያዎች እስካሁን ይከራከራሉ፤ ሕመሙም ከጊዜ በኋላ ሊመለስ ይችላል። የሁለት ቀን እንግዳ ተቀብቶ የሚታጠበው ጭቃ ቆዳ ያለሰልስ ይሆናል፣ በሽታ አይነቅልም። ሐኪም ያዘዘውን መድኃኒት አቁሞ ወደዚያ መሄድ አይገባም።

ባሕሩ ስሙ ሙት ቢሆንም ዓሣ የለውም እንጂ ሕይወት አለው። ተመራማሪው ቤንጃሚን ኤላዛሪ ቮልካኒ በ1936 እ.ኤ.አ. በዐይን የማይታዩ ረቂቅ ተሕዋስያን እንደሚኖሩበት አሳይቷል።

ወደ ዋናው ነገር ስንመለስ፣ ከዚህ ባሕር ውኃ የዋጠ ወይም ትን ያለው ሰው «ደኅና ነኝ» ቢልም ሆቴል ክፍሉ ገብቶ እንዲተኛ አይተዉት። ምልክቱ ዘግይቶ ሊመጣ ይችላል። ወዲያው ለጠባቂው ይነገር፣ ሰውየው ሐኪም ይየው፤ ሐኪሙም የገባው የሙት ባሕር ውኃ መሆኑን ይወቅ፣ የሚደረገው የደም ምርመራ በዚያ ይወሰናልና። የአምቡላንስ ስልክ በእስራኤል በኩል 101፣ በዮርዳኖስ አገር በኩል 911 ነው።