ጎጆ ሠርቶ ፈተና የሚቀመጠው ወፍ

ከባሕር ዳር ወደ ደብረ ታቦር የሚወስደው መንገድ ሐሙሲትን አልፎ ጉማራ ወንዝን ይሻገርና ፎገራ ሜዳ ላይ ይወጣል። በዚህ አገር በክረምት፣ ከውሃ ዳር ወይም ከሰው መንደር አጠገብ ባለ ዛፍ ላይ ድቡልቡል የሣር ጎጆዎች ተንጠልጥለው፣ ዛፉም በጫጫታ ተሞልቶ ከታየ የሸማኔ ወፍ ሰፈር ነው።

ወንዱ ደማቅ ቢጫ ነው፤ ራሱ ጥቁር፣ ዓይኑ ቀይ። ጎጆውን የሚሠራው እሱ ነው። የሣር ወይም የሸምበቆ ቅጠል ጠርዝ በመንቁሩ ነክሶ ይበራል፤ ቅጠሉም በቁመቱ ተተርትሮ ረጅም ክር ይወጣዋል። ለሽመናው እርጥቡን ይመርጣል፤ ደረቁ ሲያጥፉት ይሰበራላ። መጀመሪያ ከቀንበጥ ጋር አስሮ ቀለበት ያበጃል። ከዚያ ቀለበቱ ላይ ቆሞ፣ ክሩን በአንድ ቀዳዳ አስገብቶ በሌላው እየሳበ ጣሪያውንና የእንቁላሉን ክፍል ይሠራል። እግሩ ከቀለበቱ ስለማይነሳ የጎጆው ስፋት መንቁሩ የሚደርስበትን ያህል ነው። ሸማኔ በእጁ፣ በእግሩና በመወርወሪያው የሚሠራውን ይህ ወፍ በአንድ መንቁር ይጨርሰዋል። በሩ ከታች በኩል ነው።

ፈታኟ ሴቷ ናት። ወንዱ ከጎጆው ሥር ቁልቁል ተንጠልጥሎ ክንፉን እያራገበ ይጠራታል፤ ገብታ ትፈትሻለች። ከወደደችው ውስጡን በለስላሳ ሣርና በላባ ታነጥፋለች። ካልወደደችው፣ አረንጓዴው ሲጠወልግ ወንዱ ራሱ አፍርሶ እዚያው ቦታ አዲስ ይጀምራል። በዚህ ፈተና ወጣቶቹ ወንዶች ብዙ ይወድቃሉ፤ ሽመናውን የሚያሻሽሉት ደጋግመው በመሥራት ነው።

እንቁላሉ ደግሞ ሌላ ጥበብ አለው። አንዷ ነጭ፣ ሌላዋ አረንጓዴ፣ ሌላዋ ነጠብጣብ ያለበት ትጥላለች፤ የእያንዳንዷ ግን ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው። ዲድሪክ የምትባለው የኩኩ ወፍ እንቁላሏን በሌላ ወፍ ጎጆ ደብቃ ስለምትጥል፣ ቀለሙ ያልገጠመውን ሸማኔዋ ለይታ ታወጣዋለች። እ.ኤ.አ. በ1886 ወደ ሞሪሸስ ደሴት የተወሰዱት ሸማኔ ወፎች ይህች ኩኩ በሌለችበት አገር ሲዋለዱ ኖረው፣ በእናቶቹ መካከል የነበረው የእንቁላል ልዩነት መቀነሱን ዴቪድ ላህቲ የተባለ ተመራማሪ በ2005 አሳይቷል።

ወደ ደብረ ታቦር ደጋ ሲወጣ የሚገኘው የሸማኔ ወፉ ዘመድ ማኅበር አይወድም፤ ጥንድ ጥንድ ሆኖ ለብቻው ይኖራል። ስሙ የከፋው ዘመዱ ደግሞ ማሽላ የሚፈጀው ግሪሳ ነው።

የፎገራ ገበሬ ሩዙን ሊጠብቅ ወንጭፍ ቢያነሳ አይፈረድበትም፤ ሸማኔ ወፍም እህል ይበላል። ጫጩቶቹን ግን የሚያሳድገው በአብዛኛው ተባይ እየለቀመ ነውና ጎጆ ያለበትን ዛፍ መቁረጥ ጥቅሙንም አብሮ ማጥፋት ነው። ማሳውን እየጠበቅን ዛፉን እንተውለት።

በመንገዱ ስታልፉ ቀና ብላችሁ እዩ፦ አረንጓዴው ጎጆ ገና ፈታኟን ይጠብቃል፤ ከበሩ ሥር አጭር ቱቦ የተቀጠለለት ግን ሴቷ ተቀብላዋለች።