የላፕቶፕ ጸረ-ነጸብራቅ ልጣፍ አመራረጥና የዓይን ጤና

ላፕቶፕ ሲጠቀሙ ዓይናቸው የሚደክምና ራሳቸውን የሚያማቸው ሰዎች ብዙ ጊዜ ስክሪኑ ላይ የሚለጠፍ ጸረ-ነጸብራቅ ስስ ፕላስቲክ ይገዛሉ። ልጣፉ በአግባቡ ከተመረጠ ይጠቅማል። ይሁን እንጂ የሚቀንሰው ከስክሪኑ ላይ የሚመለሰውን ብርሃን እንጂ ከዓይን የሚመነጨውን ችግር አይደለም። ስለዚህ ከግዢ በፊት ሁለቱን መለየት ያስፈልጋል።

ነጸብራቅ መኖሩን ማረጋገጥ

ብርሃን በመስታወት ላይ ሲያርፍ 4 በመቶ ያህሉ ከፊት ገጹ ይመለሳል። መጠኑ ትንሽ ቢመስልም፣ ከተጠቃሚው ጀርባ ያለ መስኮት ከስክሪኑ እጅግ ስለሚደምቅ ምስሉ በጽሑፉ ላይ ይደረባል። ይህን ለማረጋገጥ ላፕቶፑን በተለመደው ቦታ አጥፍቶ ጥቁሩን ስክሪን መመልከት ይበቃል። መስኮት ወይም አምፖል ቁልጭ ብሎ ከታየ፣ በመጀመሪያ መጋረጃ መሳብ ወይም መስኮቱ በጎን እንዲውል መቀመጫን ማዞር ይመረጣል። ልጣፍ የሚያስፈልገው ይህ ሳይበቃ ሲቀር ነው።

የልጣፍ ዓይነቶች

ሸካራ ገጽ ያለው ልጣፍ ብርሃኑን በጥቃቅን ጉብታዎቹ ይበትናል። ለጽሑፍ ሥራ ይስማማል፤ ምስልን ግን በመጠኑ ስለሚያደበዝዝ የራጅ ፊልም በስክሪን ለሚመለከት ባለሙያ አይመከርም።

ጸረ-አንጸባራቂ ቅብ ያለው ልጣፍ ተመላሹን ብርሃን በስስ ንብርብሮቹ እርስ በርሱ እንዲጠፋፋ ያደርጋል። የምስሉን ጥራት ይጠብቃል፤ የጣት አሻራ ግን ጎልቶ ይታይበታል።

ከጎን ለሚመለከት ሰው ስክሪኑን የሚያጨልመው ልጣፍ ዋና ዓላማው ምስጢር መጠበቅ ነው። የሕሙማንን መረጃ ለመሸፈን ይረዳል፤ ለተጠቃሚውም ግን የስክሪኑን ብርሃን ይቀንሳል።

ለሰማያዊ ብርሃን ማጣሪያ ተብሎ ተጨማሪ ዋጋ መክፈል አያስፈልግም። በ2023 እ.ኤ.አ. የወጣው የኮክሬን ግምገማ በመነጽሮች ላይ የተደረጉ 17 ጥናቶችን መርምሮ፣ ማጣሪያው በአጭር ጊዜ የዓይን ድካምን ላይቀንስ እንደሚችል አመልክቷል።

ልጣፍ ሲገዛ የስክሪኑን ሰያፍ ርዝመት ብቻ ሳይሆን ወርዱንና ቁመቱንም በሚሊሜትር መለካት ያሻል። ሰያፋቸው እኩል የሆኑ ስክሪኖች ቅርጻቸው ሊለያይ ይችላልና።

ልጣፍ የማይፈታው ችግር

ሰው ስክሪን ላይ ሲያተኩር የዓይን ቆቡን የሚያርገበግብበት ጊዜ ስለሚቀንስ ዓይኑ ይደርቃል። ለዚህ በየ20 ደቂቃው ለ20 ሴኮንድ 6 ሜትር ያህል ርቆ መመልከት፣ የዓይን ቆብንም አዘውትሮ ማርገብገብ ይረዳል። ዕድሜው 40 አካባቢ የደረሰ ሰው ደግሞ የሚያስፈልገው የማንበቢያ መነጽር ሊሆን ይችላል።

ከሁሉ በላይ ልብ ሊባል የሚገባው፣ ብርሃን የሚያስቸግረው ስክሪን ላይ ብቻ ሳይሆን በፀሐይና በሌሊት የመኪና መብራት ጭምር ከሆነ ነው። የዓይን ሞራ ግርዶሽ ብርሃንን በዓይን ውስጥ ስለሚበትን ይህን ስሜት ይፈጥራል። ከ2005 እስከ 2006 እ.ኤ.አ. በኢትዮጵያ በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት፣ ከዓይነ ስውርነት ግማሽ ያህሉ መንስኤ የሞራ ግርዶሽ ሆኖ ተገኝቷል። ሞራው በቀዶ ሕክምና ይወገዳል፤ በልጣፍ ግን አይወገድም።

በመብራት ዙሪያ ባለቀለም ክብ ከታየና ከባድ የዓይን ሕመም፣ የዓይን መቅላት ወይም ድንገተኛ የእይታ መቀነስ ከተከተለ፣ ግላኮማ ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን የዓይን ሐኪም ዘንድ መቅረብ ያስፈልጋል።