የእንጉዳይ ተረፈ ምርት ለታመመ አፈር

ኦይስተር እንጉዳይ የሚያመርት ሰው አንድ ኪሎ እንጉዳይ ሲለቅም አምስት ኪሎ ያህል ተረፈ ምርት ይተርፈዋል። ጭድ፣ ሰጋቱራ ወይም የጥጥ ፍሬ ገለባ ተቀቅሎ፣ የእንጉዳይ ዘር ተደባልቆበት በፌስታል ይታሸጋል፤ ሁለት ሦስት ዙር ከተለቀመ በኋላ ምርቱ ይነጥፍና ይጣላል። ቤት ከቤት በተጠጋጋበት ሰፈር መጣያውም ያስቸግራል። ግቢው ጥግ ላይ ቲማቲምና ነጭ ሽንኩርት ለሚያለማ ጎረቤት ግን ይህ የሚጣለው ነገር አፈር ወለድ በሽታን መከላከያ ነው።

አፈር ወለድ በሽታ ቅጠል ላይ እንደሚወጣው በርጭት አይደረስበትም፤ የሚታወቀውም ተክሉ ከጠወለገ በኋላ ነው። የነጭ ሽንኩርት ነጭ አበስብስ ፈንገስ ጥቃቅን ጥቁር ፍሬዎቹ ያለ ሽንኩርት ሃያ ዓመት ያህል አፈር ውስጥ ሊቆዩ ይችላሉ። በ2004 ዓ.ም. በደቡብ ኢትዮጵያ የተዛመተው የዝንጅብል ባክቴሪያ አጠውልግም ማሳ አውድሞ ብዙ ገበሬዎችን ዝንጅብል አስትቷል።

ተረፈ ምርቱ የሚሠራው በውስጡ ባለው ሕይወት ነው። እንደ ትራይኮደርማና ባሲለስ ያሉ ጠቃሚ ተሕዋስያን በብዛት ይራቡበታል። እነዚህ የበሽታውን ፈንገስ ምግብና ቦታ ይሻሙታል፤ አንዳንዶቹም የፈንገሱን የሕዋስ ግድግዳ የሚበሉ ኢንዛይሞች ያመነጫሉ። ተክሉም ራሱን ለመከላከል ቀድሞ ይነቃል። ኦይስተር እንጉዳይ ደግሞ ሥር የሚያሳብጡትን ኔማቶድ የተባሉ ጥቃቅን ትሎች በመርዝ አደንዝዞ ይመገባል፤ ይህን ጠባዩን የካናዳ ተመራማሪዎች በ1984 እ.ኤ.አ. ይፋ አድርገዋል።

አጠቃቀሙ እንደ ጠላቱ ይለያያል። ለኔማቶድ የሚፈለገው የእንጉዳዩ ነጭ ክር በሕይወት እንዳለ ነው፤ ስለዚህ ከተከላው ሳምንታት ቀድሞ ትኩሱን ከአፈር መቀላቀል ይሻላል። ለችግኝ መደብ ግን ትኩሱ አይሆንም፤ ጨው ይበዛበታል፣ ያልበሰበሰው ጭድም የአፈሩን ናይትሮጅን ይሻማል። ፌስታሉን አውልቆ፣ እያገላበጡ ሁለት ሦስት ወር ማብላላት ያስፈልጋል። አረንጓዴ ሻጋታ የያዘው ወደ እንጉዳይ ቤቱ እንዳይመለስ ራቅ አድርጎ ማብላላት ነው።

የጠወለገን ተክል ግን አያድንም። በባክቴሪያ አጠውልግ ከተያዘ ማሳ የመጣ ድንች ለዘር እየተከሉ፣ አዝርዕት ሳያፈራርቁ ተረፈ ምርት ቢበትኑ ትርፉ ድካም ነው።