በደሴቲቱ የጠፋው ዛፍ፣ በደብሩ የቀረው ዛፍ

ከደብረ ማርቆስ ተነስቶ በረቡዕ ገበያ በኩል ወደ ጮቄ አቀበት የሚወጣ መንገደኛ ግራና ቀኙን ቢመለከት በአብዛኛው የሚያየው የታረሰ መሬት ነው። ከታች ጤፍና ስንዴ፣ ከፍ ሲል ገብስና ድንች፤ በየመንደሩ ዳር ደግሞ ቀጥ ብሎ የቆመ ባሕር ዛፍ። በዚህ ሁሉ ማሳ መካከል እዚህም እዚያም ጥቅጥቅ ያለ ጥቁር አረንጓዴ ጉብ ብሎ ይታያል። ለአገሩ ሰው ምን እንደሆነ መንገር አያስፈልግም። ቤተ ክርስቲያን አለ ማለት ነው። ወይራው፣ ጥዱ፣ ዝግባው፣ ኮሶው፣ ጥቁር እንጨቱ በብዛት የቀረው እዚያ አጸድ ውስጥ ነው።

የደን ተመራማሪዎች እነዚህን ቦታዎች በባሕር መካከል ካለ ደሴት ጋር ያመሳስሏቸዋል፤ ባሕሩ እርሻው ነው። እኛም ንጽጽሩን ተቀብለን አንባቢን ለጥቂት አንቀጾች ወደ እውነተኛ ደሴት ልንወስድ ወደድን። ምክንያቱም በዚያ ደሴት ላይ የሆነው ነገር ለምሥራቅ ጎጃም አርሶ አደርና ለወረዳ ግብርና ባለሙያ የሚነግረው ብዙ አለ።

ደሴቲቱ ራፓ ኑይ ትባላለች። በሰላማዊ ውቅያኖስ ላይ ከቺሊ የባሕር ጠረፍ ከ3 ሺህ 500 ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ ትገኛለች። ስፋቷ 164 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከብዙዎቹ ወረዳዎቻችን ታንሳለች። የኔዘርላንዱ መርከበኛ ያኮብ ሮጌቬን እ.አ.አ በ1722 በፋሲካ ዕለት ስለደረሰባት በውጭው ዓለም «የፋሲካ ደሴት» የሚል ስም ወጣላት። ነዋሪዎቿ የፖሊኔዥያ ሕዝብ ናቸው፤ ከዚያ በፊት ብዙ መቶ ዓመታት አስቀድመው በታንኳ ባሕሩን አቋርጠው የሰፈሩባት።

ዓለም የሚያውቃት በድንጋይ ሐውልቶቿ ነው። «ሞአይ» የሚባሉት እነዚህ የሰው መልክ ያላቸው ሐውልቶች ወደ 1 ሺህ ይጠጋሉ። አብዛኞቹ የተጠረቡት ራኖ ራራኩ ከተባለ የእሳተ ገሞራ ተራራ ድንጋይ ነው። በመድረክ ላይ ከቆሙት ትልቁ 10 ሜትር ያህል ቁመት ነበረው፤ ከድንጋይ መጥረቢያው ቦታ ሳይላቀቅ የቀረ ደግሞ 20 ሜትር የሚያልፍ አለ። ሐውልቶቹ የአባቶችና የአለቆች መታሰቢያ ናቸው፤ አብዛኞቹም ጀርባቸውን ለባሕሩ፣ ፊታቸውን ለመንደሩ ሰጥተው የቆሙ ነበሩ። ዩኔስኮ ቦታውን እ.አ.አ በ1995 በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል።

ይህን ብዙዎች ያውቁታል። ለግብርና ዓምድ የሚስበው ግን ከሐውልቱ እግር ሥር ያለው አፈር ነው። እ.አ.አ በ2019 ይፋ የሆነ ጥናት በራኖ ራራኩ የድንጋይ መጥረቢያ ቦታ ያለው አፈር ከደሴቲቱ ሌላ መሬት ይልቅ ለም እንደነበር አሳይቷል። ሐውልት ሲጠረብ የሚረግፈው የድንጋይ ብናኝ ማዕድኑን ለአፈሩ ይሰጥ ነበር። በቦታውም የስኳር ድንች፣ የሙዝና የጎደሬ ርዝራዦች ተገኝተዋል። ሐውልት የሚጠረብበት ስፍራ እርሻም ነበረ ማለት ነው። በዚያ ቆመው የቀሩት አንዳንዶቹ ሐውልቶችም ምናልባት ለአዝመራው በረከት የቆሙ ሳይሆኑ አይቀሩም ሲሉ አጥኚዎቹ ጽፈዋል።

የራፓ ኑይ ገበሬ ከድንጋይ ጋር የነበረው ዝምድና በዚህ አያበቃም። ደሴቲቱ ነፋስ የሚበዛባት፣ የጠራ የወንዝ ውሃ የሌላት፣ አፈሯም የደከመ ነው። ገበሬው ታዲያ ማሳው ላይ ድንጋይ ይበትን ነበር። እኛ ድንጋይ ለቅመን ከማሳ ስናወጣ እነሱ ያስገቡ ነበር ማለት ነው። ድንጋዩ እርጥበት እንዳይተን ይሸፍናል፣ የነፋሱን ጉልበት ይሰብራል፣ የቀንና የሌሊቱን ሙቀት ያስታርቃል፣ ቀስ በቀስም ማዕድኑን ለአፈሩ ይለቃል። ከዚህ ሌላ «ማናቫይ» የሚባል ክብ የድንጋይ ካብ ነበራቸው። ሙዝና ጎደሬ በካቡ ውስጥ ከነፋስ ተጠልሎ ይበቅላል። ዛሬም የእነዚህ ካቦች ቅሪት በደሴቲቱ በብዛት ይታያል።

ወደ ዛፉ እንመለስ። ራፓ ኑይ በአንድ ወቅት በዘንባባ ዛፍ የተሸፈነች እንደነበረች ከሐይቅ ደለል የተገኘ የአበባ ብናኝ መስክሯል። አውሮፓውያን ሲደርሱ ግን ደኑ አልነበረም። ሰዎች ለእርሻ መሬት መንጥረዋል፣ አቃጥለዋል፣ ቆርጠዋል። ይህ አንዱ ምክንያት ነው። ሌላው ምክንያት ትንሽ ፍጥረት ናት፤ ከሰፋሪዎቹ ጋር በታንኳ የመጣች አይጥ። በአይጥ የተቦረቦሩ የዘንባባ ፍሬዎች በቁፋሮ ተገኝተዋል። ትልልቆቹ ዛፎች ቆመው ሳለ ፍሬያቸው ይበላ ነበር። ለደኑ መጥፋት መጥረቢያው ይበልጣል ወይስ አይጧ በሚለው ተመራማሪዎች እስከ ዛሬ ይከራከራሉ፤ ቡቃያ ያልተተካበት ደን እንደማይቀጥል ግን አያከራክርም።

ስለዚህች ደሴት በስፋት የተነገረ ሌላ ታሪክ አለ። ሕዝቡ ሐውልት ለማቆም ሲል ዛፉን ጨርሶ፣ ተርቦ፣ እርስ በርሱ ተፋጅቶ አለቀ ይባላል። ይህ ጸሐፊ ታሪኩ ለስብሰባ ማሞቂያ ሲውል ሰምቷል። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። እ.አ.አ በ2024 ይፋ የተደረገ የዘረመል ጥናት ሕዝቡ አውሮፓውያን ከመድረሳቸው በፊት ያን መሰል እልቂት እንዳልደረሰበት አሳይቷል። ዛፍ አልቆም ሕዝቡ በድንጋይ እርሻው ኖሯል። የከፋው የመጣው ኋላ ነው። እ.አ.አ በ1862 ከፔሩ የመጡ የባሪያ ፈንጋዮች እጅግ ብዙ ሰው አግዘው ወሰዱ፤ የተመለሱት ጥቂቶችም ፈንጣጣ ይዘው ገቡ። እ.አ.አ በ1877 በደሴቲቱ የቀሩት 111 ሰዎች ብቻ ነበሩ። ከዚያም ደሴቲቱ የበግ እርባታ ሆነች፤ ነዋሪው በአንዲት መንደር ታጥሮ፣ በአስር ሺዎች የሚቆጠር በግ እስከ እ.አ.አ 1953 ድረስ መሬቱን ጋጠ።

ቶሮሚሮ የተባለ ዛፍ ታሪክም እዚሁ ላይ ይገባል። በዚያች ደሴት እንጂ በሌላ የዓለም ክፍል የማይበቅል፣ ሕዝቡ ምስል የሚቀርጽበት ዛፍ ነበር። ከብዙ ዘመን መመናመን በኋላ የቀረውን የጨረሰው የእንስሳት ግጦሽ ነው። የመጨረሻዋ ዛፍ በአንድ የእሳተ ገሞራ ጉድጓድ ገደል ላይ ተጠግታ ቆየችና እ.አ.አ በ1960 አካባቢ ጠፋች። ደግነቱ የኖርዌዩ አሳሽ ቶር ሄየርዳል ከዚያ ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ ዘር ለቅሞ ነበር፤ ዛፉ ዛሬ በስዊድንና በሌሎች አገሮች የዕፅዋት ማዕከላት ይኖራል። ወደ ደሴቲቱ መልሶ ለማላመድ የተደረገው ሙከራ ግን በአብዛኛው አልተሳካም። በተራቆተው መሬት ላይ አፈሩን ይይዛል ተብሎ የተተከለውስ ምን ይመስልዎታል? ባሕር ዛፍ ነው።

አሁን ወደ ጎጃም። እኛም የድንጋይ ሐውልት አለን። በእነብሴ ሳር ምድር ወረዳ በመርጡለ ማርያም ገዳም ቅጥር ውስጥ ያለው ፍርስራሽ በእቴጌ እሌኒ ዘመን፣ በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መባቻ የታነፀው ቤተ ክርስቲያን ቅሪት ነው። በድንጋዩ ላይ የተፈለፈለው አበባና ሐረግ ዛሬም ይነበባል። ሕንፃው በአሕመድ ግራኝ ጦርነት ፈርሷል፣ በአፄ ሱስንዮስ ዘመን እንደገና ተሠርቷል፣ ዳግም ፈርሷል። ይሁን እንጂ የጎጃም ጥንታዊ ቅርስ ድንጋዩ ብቻ አይደለም። ዲማ ጊዮርጊስም ሆነ ደብረ ወርቅ ማርያም ሲነሳ ደብሩና ዛፉ አብረው ይነሳሉ። በሩና መስኮቱ ከዋንዛና ከጥድ፣ የዜማ መቋሚያው ከወይራ፣ የቆሎ ተማሪው ጎጆ ከዛፉ ጥላ ሥር። በራፓ ኑይ ድንጋዩ ቀርቶ ዛፉ ጠፋ፤ መርጡለ ማርያምን በመሰሉ ደብሮች ሕንፃው ፈርሶ ዛፉ ቀርቷል።

ቀርቷል ስንል ግን በጥንቃቄ ነው። የደን ተመራማሪው ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ እና ባልደረቦቻቸው በደቡብ ጎንደር የ28 አብያተ ክርስቲያናትን ደን አጥንተው 168 ዓይነት ዛፍ፣ ቁጥቋጦና ሐረግ መዝግበዋል። ሀብቱ ይህን ያህል ነው። በዚያው ጥናታቸው ሌላ ነገርም አገኙ። የአብዛኞቹ አገር በቀል ዛፎች ዘር በአፈር ውስጥ ለረጅም ጊዜ አይቆይም። እናት ዛፏ ከወደቀች አፈሩ ያስቀመጠው ዘር የለም ማለት ነው። ከብት በሚገባበት ደን ደግሞ ቡቃያው ይረገጣል፣ ይጋጣል፤ በታጠረው ቦታ ግን ይበዛል።

እዚህ ላይ ነው የራፓ ኑይ አይጥና የራፓ ኑይ በግ ከእኛ ከብት ጋር የሚገናኙት። በአንድ ደብር አጸድ ውስጥ ቆሞ ወደ ላይ የሚያይ ሰው ደን ያያል፤ ወደ ታች ሲመለከት ግን የተረገጠ መሬት ነው፣ ቁመቱ ከጉልበት የማያልፍ የወይራ ወይም የዝግባ ልጅ የለም። ማንም ዛፍ አልቆረጠም፤ ሰው ቤተ ክርስቲያን ውስጥ መቁረጥ ይፈራል። በክብረ በዓል ቀን በቅሎው ይታሰራል፣ በበጋ ግጦሽ ሲጠፋ ጥጃው ይገባል፣ ይህን እንደ ድፍረት የሚቆጥረው ጥቂት ነው። ከዚህ ላይ የሲሚንቶ መቃብሩ፣ ሰፋ ተደርጎ የሚሠራው አዲስ ሕንፃ፣ ለደብሩ ገቢ ተብሎ በጠርዙ የሚተከለው ባሕር ዛፍ ይጨመራል። ባሕር ዛፍ ለአርሶ አደሩ ገንዘብ ነው፣ ማገዶም ነው፤ እሱን መኮነን አልፈለግንም። ቦታው ግን የኮሶው ቦታ አይደለም።

መፍትሔው ውድ አይደለም፤ ድንጋይ ነው። በደቡብ ጎንደር በዶክተር ዓለማየሁ አስተባባሪነት ካህናቱና ምዕመኑ ደናቸውን በድንጋይ ካብ አጥረዋል። ድንጋዩ የመጣው ከአካባቢው አርሶ አደሮች ማሳ ነው። አርሶ አደሩ ለማረሻው እንቅፋት የሆነውን ድንጋይ ያወጣል፣ ደብሩ አጥር ያገኛል፤ ሲሚንቶ የለም፣ ሽቦ የለም። ካቡን ያልተለመደ የሚያደርገው የሚሠራበት ቦታ ነው። አሁን ባለው የደን ጠርዝ ላይ ሳይሆን ትንሽ ወደ ውጭ ወጣ ተደርጎ ይሠራል። በካቡና በዛፉ መካከል የቀረው ባዶ ቦታ የሚወድቀው ዘር የሚበቅልበት ነው።

የምሥራቅ ጎጃም ወረዳዎች ለዚህ ሥራ እንግዳ አይደሉም። እርከንና ካብ በየዓመቱ በተፋሰስ ልማት ዘመቻ ይሠራል። ጨሞጋ፣ ሙጋ፣ ሱሃና ጀደብ ከጮቄ ሲወርዱ ይዘውት የሚሄዱትን አፈር ለመያዝ ያልተካበ ዳገት ጥቂት ነው። የደብር አጸድ ግን ብዙ ጊዜ የቤተ ክርስቲያኒቱ ጉዳይ ተደርጎ ስለሚታይ ከተፋሰሱ ካርታ ውጭ ይቀራል። የቀበሌው የልማት ኮሚቴ ከሰበካ ጉባኤው ጋር አንድ ቀን ቢቀመጥ የሚወሰነው ነገር ሦስት ነው፤ ካቡ ከጠርዙ ስንት እርምጃ ወደ ውጭ እንደሚወጣ፣ በዚያ ቦታ ድንበር የሚነካው አርሶ አደር ማን እንደሆነና በምን እንደሚስማማ፣ በክብረ በዓል ቀን በቅሎና ፈረስ የሚታሰርበት ቦታ ከካቡ ውጭ የት እንደሚሆን። ሁለተኛው ከባዱ ነው። የመሬት ጉዳይ በመሆኑ በጉልበት ከተጀመረ ካቡ በዓመቱ ይፈርሳል።

ከዚህ የሚገኘውን ጥቅም የግብርና ጽሕፈት ቤቶች በቅርብ ያውቁታል። የዝግባ፣ የጥቁር እንጨትና የኮሶ ችግኝ ለማፍላት የችግኝ ጣቢያ ዘር ሲፈልግ የሚሄደው ወደ ደብር ነው። ንብ አናቢው አበባውን እዚያ ያገኛል፣ ከብዙዎቹ ደኖች ሥር የሚወጣው ጠበልም ለታችኛው መንደር ምንጭ ነው። ቶሮሚሮን ከስዊድን መልሰው ለማምጣት የሚደክሙት የራፓ ኑይ ሰዎች ዘራቸውን ባሕር አሻግረው ይለምናሉ። የእኛ ዘር ከማሳው ጠርዝ የአንድ ጩኸት ያህል ይርቃል፤ ከማሳው የሚለቀመው ድንጋይም የዘንድሮው የተፋሰስ ሥራ በጥር ሲጀመር አብሮ ይወጣል።