ሰሊጥና ጤፍ በአንድ ልጅ ጉልበት

የመስቀል ደመራ ተለኩሶ ዐመዱ ገና ሳይቀዘቅዝ፥ በጐንደርና በጐጃም ደጋ ብዙ ጐልማሶች ጋቢያቸውን አጣጥፈው፥ ማጭዳቸውን ይዘው ወደ ሑመራና ወደ መተማ ቆላ ይወርዳሉ። የሚጠራቸው ሰሊጥ ነው። ሰሊጥ ከደረሰ በኋላ ባለቤቱን አይታገሥም፤ ፍሬውን የያዘው ቅርፊት ደርቆ ይሰነጠቅና ዘሩ በመሬት ላይ ይረግፋል። ስለዚህ ፈጽሞ ሳይደርቅ በእጅ ታጭዶ፥ በነዶ ታስሮ፥ ራሱን ወደ ላይ አድርጎ ተደጋግፎ እንደ ቆመ መድረቅ አለበት። ይህ ሁሉ የሚሠራው በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ስለ ሆነ እጅግ ብዙ ሰው ይፈለጋል።

የቀን ዋጋ ከፍ ካለ ሠራተኛ ይበዛል፥ ዝቅ ካለ ያንሳል የሚሉ አሉ። እውነት ነው፤ ነገር ግን ነገሩ በዚህ ብቻ አያልቅም። የቆላውን ሰሊጥ የሚያጭደው እጅ የሚገኘው በደጋው ቤት ነው፤ ልጁ ይሂድ ወይስ ይቅር የሚለውም የሚቈረጠው በዚያው በምድጃው ዙሪያ ነው። በክረምት ሰሊጡ ሲታረም በደጋም የአረምና የዘር ሥራ አለና አባት ልጁን በቀላሉ አይለቅም። በመስከረም መጨረሻና በጥቅምት ግን ጤፉ ገና አልደረሰም፤ ጐተራው ጐድሏል፥ የማዳበሪያውም ዕዳ ይጫናል። ልጁ የሚለቀቀው በዚህች ክፍተት ነው። ኅዳር ሲገባ ደግሞ የቤቱ ጤፍ ማጭድ ይጠይቃል፤ የሰሊጡ ባለ ቤትም ሥራው ሳያልቅ ሠራተኛው ወደ አገሩ ተመለሰብኝ ብሎ የሚያዝነው በዚሁ ወራት ነው።

ተመልሶ የማይመጣውም አለ። በአማራ ክልል በ1989 ዓ.ም. መሬት ሲደለደል ሕፃን የነበረ ወይም ከዚያ ወዲህ የተወለደ ልጅ፥ አብዛኛውን ጊዜ ተስፋው ከአባቱ ማሳ ላይ ተቈርሶ የሚሰጠው ነው። ወንድሞቹ አራት ከሆኑ ቍራሹ ምን ያህል እንደሚሆን አንባቢ ራሱ ያስላው። እንዲህ ያለውን ልጅ ወደ ቆላ የሚወስደው ደመወዙ ብቻ ነው ማለት አይቻልም።

ሕግም የሠራተኛውን እጅ አስሮ ፈትቶ ያውቃል። በ1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ፥ ከመበለቶች፥ ከሕመምተኞች፥ ከሽማግሌዎችና ለአካለ መጠን ካልደረሱ ልጆች በቀር፥ ገበሬ በቅጥር ሠራተኛ እንዳያሳርስ ከልክሎ ነበር። ቅይጥ ኢኮኖሚ በታወጀበት በ1982 ዓ.ም. ግን ቅጥር እንደ ገና ተፈቀደ።

ልጁ የሄደበት ቤትስ ሥራውን በማን ይሸፍናል? በወንፈል ነው እንዳይባል፥ ወንፈል ብድር ነው፤ አንድ ቀን የሠራልህን ሰው አንድ ቀን ሠርተህ ትመልስለታለህ፤ የሚመልስ ጉልበት ከሌለህ ማን ያበድርሃል? የቀረው ደቦ ነው። ለደቦ ግን ጠላ መጠመቅ፥ እንጀራ መጋገር፥ ወጥ መሠራት አለበት፤ ይህም ሸክም በእናት ትከሻ ላይ ይወድቃል። የሠራተኛ ነገር በተነሣ ቍጥር የማይቈጠረው ድካም ይኸው ነው። ልጅም በሬም የሌላት መበለት ደግሞ ደግሳ ለመጥራት ስለማትችል፥ መሬቷን ለእኩል ሰጥታ ከገዛ ምድሯ ፍሬ ግማሹን ትቀበላለች።

የበዓል ብዛት ሠራተኛ አሳጣን ብለው የሚያማርሩም አይጠፉም። በወር በወሩ በሚካኤል፥ በማርያምና በመድኃኔ ዓለም ቀን ገበሬው አያርስም፥ አያጭድም፤ አጥር ማጠርና ገበያ መውጣት ግን አልተወም። ይህም ቢሆን ከማለዳ እስከ ማታ ጐንበስ ብሎ ለሚውል ሰው፥ ከእነዚህ ቀኖች በቀር ሌላ የዕረፍት ቀን ማን ሰጠው?

በጥቅምት 2013 ዓ.ም. በሰሜን ጦርነት ተነሥቶ፥ በዚያው ወር መጨረሻ በማይካድራ ብዙ የቀን ሠራተኞች ተገደሉ። ከዚያ ወዲህ እናት ስለ ደመወዙ ሳትጠይቅ ስለ መንገዱ ብትጠይቅ አያስደንቅም። ድንበር ተሻግሮ ወደ ገዳሪፍ ለሚሄደውም በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. በሱዳን የተነሣው ጦርነት መንገዱን አጠበበበት።

ሌላው የሚያሰጋው በሽታ ነው። ሠራተኞቹ ሌሊቱን በሜዳ ወይም በግራር ሥር ያድራሉ። በተሰነጠቀው የዋልካ መሬትና በግራሩ አካባቢ የአሸዋ ዝንብ የምትባል ከትንኝ የምታንስ ተናካሽ አለች፤ ካላ አዛር የሚባለውን በሽታ የምታስተላልፈው እርሷ ናት። በ1997 ዓ.ም. ይህ በሽታ ቀድሞ በማይታወቅበት በሊቦ ከምከም ደጋ ተገኝቶ ብዙ ሰው ጐዳ፤ ያመጡትም ከቆላ የተመለሱ ሠራተኞች ሳይሆኑ እንዳልቀረ ተገምቷል። ስለዚህ ከቆላ የተመለሰው ልጅ ትኩሳቱ ከሁለት ሳምንት በላይ የቆየ፥ ሰውነቱ የከሳ፥ ጣፊያውም አብጦ በግራ ጐኑ ሆዱ የተነፋ እንደ ሆነ፥ ወባ ነው ብሎ በቤት ማቆየት አይገባም። ወደ ጤና ጣቢያ ሲወሰድም ሰሊጥ ሲያጭድ የሰነበተበትን አገር ለሐኪሙ አስቀድሞ መንገር ያስፈልጋል።