ከማኪያቶ የተረፈው ብር ሕፃኑ ዘንድ እንዴት ይደርሳል?

አንድ ማኪያቶ 60 ብር ነው እንበል። በሳምንት ሦስት ማኪያቶ የተወ ሰው በዓመት 9,360 ብር ይተርፈዋል። ይህን የመሰለ ሒሳብ በየእርዳታ ማሰባሰቢያው ሰምተነዋል፤ ስሌቱም ልክ ነው። ችግሩ 9,360 ብሩ ዓመቱ ሲያልቅ የትም ተቀምጦ አለመገኘቱ ነው። ማኪያቶው የቀረበት ቀን ኪስ ውስጥ የቀረችው 60 ብር ከሰዓት በኋላ የሞባይል ካርድ ትሆናለች፤ ካርድ ባትሆን የታክሲ ትሆናለች። ሰውየው ከማኪያቶውም ከብሩም ሳይሆን ይቀራል፤ ሕፃናቱም ዘንድ የደረሰ ነገር የለም። ስለዚህ ትንሽ ምቾትን ትቶ ሕፃናትን መርዳት የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ የሚያስፈልገው የተተወችው ብር በዚያው ቀን ከእጁ የምትወጣበት መንገድ ነው።

ሃይማኖቶቻችን ይህን ቀድመው ያወቁት ይመስላል። በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ትምህርት ጾምና ምጽዋት አይነጣጠሉም፤ ከማዕድ የቀረው ምግብ ዋጋ ለድሃ እንዲደርስ አባቶች ይመክራሉ። ሙስሊሙ ደግሞ ረመዳን ሲያልቅ፣ ገና ወደ ዒድ ሰላት ሳይሄድ፣ በቤተሰቡ ቁጥር ልክ ዘካተል ፊጥር ያወጣል። መጠኑም ቀኑም የታወቀ ስለሆነ ነገሩ ለሰጪው የዕለት ስሜት አልተተወም። (ዛሬ ዛሬ በአንዳንድ ካፌ የጾም ማኪያቶ ከፍስኩ ይወደዳል። በዚህ አያያዝ ከሁዳዴ ለድሃ የሚተርፍ ገንዘብ መኖሩን እጠራጠራለሁ።)

በሌላውም ዓለም ተመሳሳይ ታሪክ አለ። እ.ኤ.አ. በ1886 እንግሊዝ አገር፣ ሳልቬሽን አርሚ የተባለው የክርስቲያን ድርጅት ገንዘብ ሲያሰባስብ፣ ጆን ካርልተን የሚባል አገልጋይ የሚሰጠው ትርፍ ገንዘብ አልነበረውም። ከምግብ በኋላ የሚቀርብለትን ጣፋጭ ዓመት ሙሉ ቢተው 50 ሽልንግ እንደሚያተርፍ አስልቶ ያንኑ ለመስጠት ቃል ገባ። የድርጅቱ መሥራች ዊልያም ቡዝ ሐሳቡን ወደደው፤ ጊዜውን ግን አሳጠረው። ሰውን ሁሉ ዓመት ሙሉ ጣፋጭ ተዉ ማለት ስለከበደው፣ እያንዳንዱ የሚቻለውን ነገር ለአንድ ሳምንት ትቶ ዋጋውን እንዲሰጥ ጠየቀ። ያ ልማድ በየአገሩ ተሠራጭቶ እስከ ዛሬ ይዘወተራል። የቡዝ ብልሃት ይመስለኛል የዘለቀው፤ የካርልተን ቆራጥነት ለብዙ ሰው አይሆንም።

እ.ኤ.አ. በ1975 ደግሞ በአሜሪካ ፔንሲልቬንያ፣ አለንታውን ከተማ ያሉ ካቶሊኮች የአፍሪካን ረሃብ ሰምተው በየቤታቸው የምግብ ጠረጴዛ ላይ ትንሽ የካርቶን ሣጥን አስቀመጡ። በጾሙ ወራት ቀለል ያለ ምግብ በበሉ ቁጥር የተረፈውን ዋጋ እዚያው፣ ከጠረጴዛው ሳይነሡ፣ ሣጥኑ ውስጥ ይከታሉ። ዛሬ ካቶሊክ ሪሊፍ ሰርቪስስ የተባለ የእርዳታ ድርጅት የሚያካሂደው ይህ ልማድ የካርቶኗ ብልሃት ነው ማለት ይቻላል። በእኛ ዘመን የሣጥኗን ሥራ ቴሌብር ወይም ለባንክ የሚሰጥ ቋሚ የክፍያ ትእዛዝ ይሠራዋል። ከሁሉ የሚሻለው ግን በዕድር መልክ መያዝ ነው፦ አምስት ስድስት የሥራ ባልደረቦች ተስማምተው ደመወዝ በገባ ዕለት አንዱ ሰብስቦ ይልካል፤ የዘገየው ይቀጣል።

ገንዘቡ በየወሩ መግባቱ ለምን ይህን ያህል እንደሚያስፈልግ ከተቀባዩ በኩል ሲታይ ይገባል። ለምሳሌ በከፋ የምግብ እጥረት የተጎዳን ሕፃን እንውሰድ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ የሕፃኑን ክንድ በባለቀለም ሜትር ትለካለች፤ ዙሪያው ከ11.5 ሴንቲ ሜትር በታች ከሆነ ቀዩ ላይ ወድቋል። ሌላ ሕመም ከሌለውና የመብላት ፍላጎት ካለው ሆስፒታል መተኛት አያስፈልገውም። ፕላምፒ ናት የሚባለው ምግብ በየሳምንቱ ለእናቱ ይሰጣታል። ይህ ምግብ እ.ኤ.አ. በ1996 በፈረንሳይ የተፈለሰፈ፣ ከለውዝ፣ ከዱቄት ወተት፣ ከስኳር፣ ከዘይት፣ ከቫይታሚንና ከማዕድናት የሚሠራ ነው። አንዷ ከረጢት 92 ግራም ትመዝናለች፣ 500 ካሎሪ ትሰጣለች፤ ውኃም እሳትም አትፈልግም። በአገራችንም ይመረታል። ሕክምናው አብዛኛውን ጊዜ ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ይወስዳል፤ ለአንድ ሕፃን 150 ከረጢት የያዘ አንድ ካርቶን ገደማ ያስፈልጋል። አቅርቦቱ በሦስተኛው ሳምንት ቢቋረጥ ሕፃኑ መልሶ ይከሳል፤ ያለፈው ወጪም አብሮ ይባክናል። ስለዚህ እንዲህ ያለውን ሥራ የሚሠራ ድርጅት በሚቀጥሉት ሁለት ወራት ምን እንደሚገባለት ሳያውቅ አዲስ ሕፃን ለመቀበል ይቸገራል። በየወሩ ሳትቀር የምትመጣ 500 ብር በዓመት አንድ ጊዜ ድንገት ከምትመጣ 6,000 ብር የምትጠቅመው በዚህ ምክንያት ነው።

የእኛ አሰጣጥ ግን በዓል ተኮር ነው። እንቁጣጣሽ፣ ገናና ፋሲካ ሲመጡ የሕፃናት ማሳደጊያው በር በጎብኚ ይጨናነቃል፤ ልደቱን ከልጆቹ ጋር ሊያከብር ኬክ ይዞ የሚመጣም አለ። ክፉ ነገር አይደለም። ነገር ግን ነሐሴ ላይ፣ ዝናቡ ሲበረታና የትምህርት ቤት ወጪ ሲቃረብ፣ ኬክ ያመጣው ሰው አይታይም። በውጭ የሚኖሩ ወገኖቻችንም ከዚህ አልራቁም። በ2010 ዓ.ም. ክረምት ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ ዲያስፖራው በቀን አንድ ዶላር እንዲሰጥ ጠይቀው የኢትዮጵያ ዲያስፖራ ትረስት ፈንድ ተቋቋመ። ሚሊዮኖች በየቀኑ አንድ ዶላር ቢሰጡ ምን ሊሆን እንደሚችል ለማስላት ሁሉም ፈጥኖ ነበር። የተሰበሰበው ግን ከታሰበው እጅግ አነሰ።

የሚተወውንም ነገር መምረጥ ያስፈልጋል። ጫማዬን አላስጠርግም ብሎ ለሕፃናት የሚቆጥብ ሰው ብሩን የወሰደው ከማን ነው? ሊስትሮው ራሱ ብዙ ጊዜ ልጅ ነው። የአስተናጋጇን ጉርሻም እንዲሁ መንካት አይገባም። ቢራ፣ ጫት፣ በእግር የሚደረስበት ቦታ የሚያዝ ራይድ፣ ሦስተኛው ልደት ላይ የሚታዘዘው ባለአራት ፎቅ ኬክ፣ እነዚህ ቢቀሩ የሚጎዳ ሰው ጥቂት ነው። ደግሞም ይህ ምክር ለሁሉም አይነገርም። ሪያድ ወይም ዱባይ ሰው ቤት ሠርታ ደመወዟን ለወንድሞቿ ትምህርት የምትልክ እህት የምትተወው ቅንጦት የላትም፤ የምትልከው ገንዘብ ራሱ የሕፃናት እርዳታ ነው።

ለማን ይሰጥ ለሚለው ደግሞ የመጀመሪያው ሐሳባችን የሕፃናት ማሳደጊያ ነው፤ ምክንያቱም ታሪካችን ውስጥ እነ ወ/ሮ አበበች ጎበና አሉ። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ወሎ፣ ግሸን ማርያም ለመሳለም ሄደው በረሃብ የተጎዱ ሁለት ሕፃናት ይዘው ተመለሱ፤ በአንድ ዓመት ውስጥ ልጆቹ 21 ደረሱ፤ ትዳራቸው ፈርሶም ሥራው ቀጠለ። ይሁንና ወላጅ አልባ ተብለው ከሚቆጠሩት ልጆች ብዙዎቹ አንዱ ወላጅ በሕይወት አላቸው፤ የጎደለው ኪራይ፣ ደብተርና እህል ነው። እናቲቱን መደገፍ ልጁን ከቤቱ ከማውጣት ይቀላል፣ ወጪውም ያንሳል። ኢትዮጵያ በ2010 ዓ.ም. የውጭ ጉዲፈቻን ካቆመች ወዲህ ደግሞ ይህ የአገር ውስጥ ድጋፍ ይበልጥ ያስፈልጋል።

ድርጅቱ በሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች ባለሥልጣን መመዝገቡን፣ የባንክ ሒሳቡም በግለሰብ ሳይሆን በድርጅቱ ስም መሆኑን መጠየቅ ነውር የለውም። አዋጅ ቁጥር 1113/2011 የአስተዳደር ወጪ ከ20 በመቶ እንዳይበልጥ ይደነግጋል። ግን «ሳንቲም አስተዳደር ላይ አናወጣም» የሚል ድርጅት እኔን ያሠጋኛል፤ ሒሳቡን የሚይዘው ማን ነው? እንግሊዝ አገር የሚኖርና ግብር የሚከፍል ሰው ደግሞ እዚያ ለተመዘገበ በጎ አድራጎት ሲሰጥ የጊፍት ኤይድ ቅጽ ይሙላ፤ በአንድ ፓውንድ ላይ መንግሥት 25 ፔንስ ይጨምራል። ለድርጅቱ የሚቀርብ አንድ ጥያቄ ብቻ ቢኖረኝ ግን ይህ ነው፦ ባለፈው ነሐሴ ስንት ሕፃናት እጃችሁ ላይ ነበሩ፣ ወጪያቸውንስ በምን ሸፈናችሁ?