የሕዝብ ቁጥር ከየት ይመጣል? አሃዝ ከመነገሩ በፊት የሚያልፍባቸው መንገዶች

የሳዑዲ ዓረቢያ አጠቃላይ የስታቲስቲክስ ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በ2020 አጋማሽ የአገሪቱ ነዋሪዎች ቁጥር 35 ሚሊዮን ገደማ እንደነበር አስታውቆ ነበር። ይኸው መሥሪያ ቤት የ2022ቱን የሕዝብ ቆጠራ ካካሄደ በኋላ ያለፉትን ዓመታት አሃዞች ወደ ኋላ ተመልሶ ሲያሰላ፣ የዚያው የ2020 ዓመት ቁጥር 31.5 ሚሊዮን ገደማ ሆኖ ተገኘ። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ከ3 ሚሊዮን ሰው በላይ ነው። እነዚህ ሰዎች አልሞቱም፤ ወደ ሌላ አገርም አልሄዱም። ከመጀመሪያውም ከስሌት የተወለዱ ነበሩ።

ነገሩ ለማስተዋል እምብዛም አያስቸግርም። ከ2022 በፊት የነበረው የመጨረሻው ቆጠራ የተካሄደው በ2010 ሲሆን፣ በጊዜው የተገኘው ቁጥር 27 ሚሊዮን ገደማ ነበር። ከዚያ በኋላ በየዓመቱ ይወጣ የነበረው አሃዝ በዚህ መነሻ ላይ ልደትን በመደመር፣ ሞትን በመቀነስ፣ የገባውንና የወጣውን ሰው በመገመት የተሠራ ነበር። የየዓመቱ ስህተት ትንሽ ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን በሚቀጥለው ዓመት ስሌት ላይ ስለሚጨመር ከዐሥር ዓመት በኋላ የአንድ ትልቅ ከተማ ሕዝብ ያህላል። የ2022ቱ ቆጠራ ውጤት እ.ኤ.አ. ሜይ 31 ቀን 2023 ይፋ ሲሆን፣ 32.2 ሚሊዮን ነዋሪዎች መኖራቸውን፣ ከእነዚህም 13.4 ሚሊዮኑ ወይም 41.6 በመቶው የውጭ አገር ዜጎች መሆናቸውን አሳይቷል። መሥሪያ ቤቱ የራሱን የቀድሞ አሃዝ በአደባባይ ማረሙ ሊያስመሰግነው ይገባል። ስህተት ሲያገኙ በዝምታ የሚያልፉ የስታቲስቲክስ ተቋማት በዓለም ላይ ጥቂት አይደሉም።

ይህ ጉዳይ ለኢትዮጵያውያን አንባቢያን እንግዳ ሊሆን አይገባም። በኢትዮጵያ የመጨረሻው ብሔራዊ የሕዝብና ቤቶች ቆጠራ የተካሄደው በ1999 ዓ.ም. ሲሆን፣ አራተኛው ቆጠራ በተደጋጋሚ ተራዝሟል። ስለዚህ ዛሬ ስለ ኢትዮጵያ ሕዝብ ብዛት የሚነገረው ቁጥር ሁሉ ትንበያ ነው። የኢትዮጵያ ስታቲስቲክስ አገልግሎት የሚያወጣው ትንበያና የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት የሚያወጣው ግምት ከ15 ሚሊዮን በላይ የሚራራቁትም በዚህ ምክንያት ነው። ሁለቱም ወገኖች የየራሳቸው ስሌት አላቸው፤ በቅርቡ ቤት ለቤት ዞሮ የቆጠረ ግን ከሁለቱም ወገን የለም።

በባሕረ ሰላጤው አገሮች ደግሞ ከቆጠራ ይልቅ መዝገብ እየገነነ መጥቷል። ኦማን የ2020 ቆጠራዋን ያካሄደችው ቆጣሪዎችን በየቤቱ በመላክ ሳይሆን፣ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች የያዟቸውን የኤሌክትሮኒክ መዝገቦች እርስ በርስ በማገናኘት ነበር፤ የተገኘውም ቁጥር 4.47 ሚሊዮን ገደማ ነው። የመኖሪያ ፈቃድ ሲሰጥ፣ ሲታደስና ሲሰረዝ፣ ሕፃን ሲወለድ፣ ተማሪ ሲመዘገብ፣ ሠራተኛ ከአሠሪ ወደ አሠሪ ሲዛወር፣ እያንዳንዱ ድርጊት በመዝገቡ ላይ አሻራውን ይተዋል። ማንም መጥቶ በራችንን ሳያንኳኳ ተቆጥረናል ማለት ነው። ዘዴው ርካሽና ፈጣን ነው። በየዐሥር ዓመቱ አንድ ጊዜ ከመቁጠር ይልቅ በየወሩ ማወቅ ያስችላል።

ይሁን እንጂ መዝገብ የሚያውቀው የተነገረውን ብቻ ነው። ለዚህ ኩዌት ጥሩ ምሳሌ ናት። እ.ኤ.አ. በ2011 የተካሄደው ቆጠራ 3.07 ሚሊዮን ገደማ ሰው ሲያገኝ፣ በዚያው ዓመት የአገሪቱ የሲቪል መረጃ ባለሥልጣን መዝገብ ግን ከ3.6 ሚሊዮን በላይ ሰዎችን ይዞ ነበር። ሁለቱም የመንግሥት አሃዞች ናቸው፤ ሁለቱም በጥንቃቄ የተሰበሰቡ ናቸው። ነገር ግን ቆጣሪ ሲመጣ በር የማይከፍት፣ ሥራ ላይ የዋለ፣ ወይም ብዙ ሰው በጋራ በሚኖርበት ቤት ያለ ሠራተኛ ከቆጠራ በቀላሉ ያመልጣል። በአንጻሩ ለእረፍት ወደ አገሩ ሄዶ የቀረ ሰው የመኖሪያ ፈቃዱ እስኪሰረዝ ድረስ በመዝገቡ ውስጥ ነዋሪ ሆኖ ይቆያል። ቆጠራ ያለውን ሰው ሊያጣ ይችላል፤ መዝገብ የሌለውን ሰው ሊቆጥር ይችላል። አንድን አሃዝ ስናነብ ከሁለቱ ስህተቶች የትኛው ይበልጥ እንደሚያሰጋው ማወቅ የሚቻለው ምንጩን ስናውቅ ብቻ ነው።

የሥራ መረጃም እንዲሁ ነው። በመኖሪያ ፈቃዱ ላይ ሾፌር ተብሎ የተጻፈ ሰው በእርሻ ቦታ ሲሠራ ቢውል፣ መዝገቡን መሠረት ያደረገው ስታቲስቲክስ በሾፌሮች ዓምድ ውስጥ ይጨምረዋል። ደመወዝም የሚታወቀው በሚታይ መንገድ ሲያልፍ ነው። በሳዑዲ ዓረቢያ ከጁላይ 2024 ጀምሮ ለአዳዲስ የቤት ሠራተኞች ውሎች ደመወዝ በሙሳነድ ሥርዓት በኩል እንዲከፈል መደረጉ በመጀመሪያ ደረጃ የሠራተኛውን መብት ለማስጠበቅ ነው። ሆኖም ሌላም ውጤት አለው፤ ቀድሞ ከእጅ ወደ እጅ ያልፍ የነበረውና ማንም የማያውቀው ክፍያ ቀንና መጠን ያለው መረጃ ይሆናል። ደመወዟን በወቅቱ ያላገኘች ሠራተኛ ለአቤቱታዋ ማስረጃ የምታገኝበት ሥርዓት፣ ለስታቲስቲክስ ባለሙያውም ምንጭ ነው።

መዝገብ የማይመልሳቸው ጥያቄዎች ግን ብዙ ናቸው። አንድ ሰው በሳምንት በእርግጥ ስንት ሰዓት ሠራ? ሥራ የሌለው ሰው ሥራ ፈልጓል ወይስ ተስፋ ቆርጦ ተቀምጧል? ይህን ለማወቅ ሰውን መጠየቅ ግድ ይላል፤ ሁሉንም ሰው መጠየቅ ስለማይቻልም ከብዙ ቤቶች መካከል ጥቂቶቹ በዕጣ ይመረጣሉ። የሥራ አጥነት መጠን ተብሎ በየሩብ ዓመቱ የምንሰማው አሃዝ የሚገኘው ከእንዲህ ዓይነቱ የናሙና ጥናት ነው። ለምሳሌ ከአምስት መቶ ቤቶች አንዱ ቢመረጥ፣ ያ አንድ ቤት ስለ አምስት መቶው ይናገራል። ያ ቤት ሐሰት ቢመልስ ስህተቱ አምስት መቶ ጊዜ ይባዛል። ምን ያህል ሊባዛ እንደሚገባ የሚወስነውም የሕዝብ ቆጠራው ነው። የሳዑዲ የሠራተኛ ኃይል ጥናት እ.ኤ.አ. በ2025 አሠራሩን በ2022ቱ ቆጠራ ላይ እንደገና መመሥረት ያስፈለገውም ለዚህ ነው።

በዚህ ዓይነቱ ጥናት ውስጥ ከሁሉ ይልቅ ድምፅዋ የሚጠፋው በአሠሪዋ ቤት የምትኖር የቤት ሠራተኛ ናት። በስታቲስቲክስ ደንብ መሠረት የምትቆጠረው ከምትኖርበት ቤት ጋር ነው። መጠይቁን የሚመልሰው ግን ብዙውን ጊዜ አባወራው ወይም እማወራዋ ነው። ስንት ዓመቷ ነው፣ እስከ ስንተኛ ክፍል ተማረች፣ ባለፈው ሳምንት ስንት ሰዓት ሠራች የሚለውን ሁሉ ስለ እርሷ የሚናገር ሌላ ሰው ነው። መላሹ ቅን ቢሆን እንኳ፣ ሌሊት ሕፃን ስታባብል ያሳለፈችውን ሁለት ሰዓት ከሥራ ላይቆጥረው ይችላል። ስለዚህ ጥናት አድራጊው በስልክ ወይም በአካል ሲያገኛት ራሷ ብትመልስ የተሻለ ነው። የሠራችው ሰዓት በትክክል ካልተጻፈ፣ ስለ ሥራ ሰዓት ሕግ የሚያወጣው አካል የሚያየው ሠንጠረዥ ከእውነተኛው ያነሰ ይሆናል።

ብዙዎች ለመጠይቅ መልስ ለመስጠት ይፈራሉ፤ ፍርሃታቸውም ያለ ምክንያት አይደለም። የመኖሪያ ፈቃዱ ያበቃበት ሰው ቆጣሪን ከተቆጣጣሪ ለይቶ አያይም። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2014 ያጸደቃቸው የይፋዊ ስታቲስቲክስ መሠረታዊ መርሆች፣ ስለ ግለሰቦች የሚሰበሰብ መረጃ በጥብቅ ምስጢር እንዲያዝና ለስታቲስቲክስ ዓላማ ብቻ እንዲውል ያዝዛሉ። መጠይቁን ይዞ የመጣን ሰው መታወቂያ መጠየቅ ደግሞ የተጠያቂው መብት ነው። እውነተኛ ቆጣሪ የባንክ ሒሳብ የምስጢር ቁጥርም ሆነ በስልክ የተላከ የማረጋገጫ ኮድ ፈጽሞ አይጠይቅም።

ዕድሜ ቀላል ጥያቄ ይመስላል። ሆኖም በኢትዮጵያ ቆጠራዎች ውስጥ 25፣ 30፣ 35፣ 40 ዓመት ነኝ የሚሉ ሰዎች ቁጥር፣ 29 ወይም 31 ከሚሉት እጅግ በልጦ ይገኛል። የልደት ቀኑን በጽሑፍ ያልያዘ ሰው ወደሚቀርበው ሙሉ ቁጥር ስለሚጠጋ ነው። ይህን ዝንባሌ ለመለካት የዊፕል መለኪያ የሚባል ስሌት አለ፤ ማንም ካላጠጋጋ 100፣ ሁሉም በ0 እና በ5 የሚያልቅ ዕድሜ ከተናገሩ 500 ያሳያል። በኢትዮጵያ አገር አቀፍ የወሳኝ ኩነት ምዝገባ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. በመሆኑ፣ ዛሬ በባሕረ ሰላጤው ከሚሠሩት ኢትዮጵያውያን አብዛኞቹ ሲወለዱ የተጻፈላቸው ማስረጃ የለም። በቀበሌ የተናገሩት ዕድሜ ወደ መታወቂያ፣ ከመታወቂያ ወደ ፓስፖርት፣ ከፓስፖርት ወደ መኖሪያ ፈቃድ ይተላለፋል። በመንገዱ ላይ ደግሞ የዘመን አቆጣጠር ልዩነት አለ። በ1988 ዓ.ም. የተወለደች ልጅ፣ ልደቷ ከታኅሣሥ 22 በፊት ከሆነ እ.ኤ.አ. በ1995፣ ከዚያ ወዲህ ከሆነ በ1996 ተወልዳለች። አንድ ጸሐፊ በግድየለሽነት የጻፈው ዓመት በሪያድም ሆነ በማስካት የዕድሜ ሠንጠረዥ ውስጥ ይገባል። በሠራተኛዋ ላይ ግን ከሠንጠረዥም በላይ ችግር ያመጣል፤ በሁለት ሰነዶች ላይ ሁለት የልደት ቀን ያላት ሰው ፓስፖርት ስታድስ ምን እንደሚገጥማት የደረሰባት ታውቀዋለች።

ወደ አገር ቤት የሚላከው ገንዘብስ? የሳዑዲ ማዕከላዊ ባንክ የውጭ አገር ሠራተኞች የላኩትን ገንዘብ መጠን በየወሩ ያወጣል፤ የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክም በበኩሉ የገባውን ይመዘግባል። ሁለቱም የሚያውቁት በባንክና በሕጋዊ አስተላላፊ ድርጅቶች ያለፈውን ነው። የዓለም ባንክ ከየትኛው አገር ወደ የትኛው አገር ምን ያህል እንደሚላክ የሚያሳይበት ሠንጠረዥ ደግሞ አብዛኛው በስሌት የተገመተ ነው። በላኪው አገር ያሉት ስደተኞች ብዛትና የሁለቱ አገሮች የገቢ መጠን ተወስዶ ድርሻው ይከፋፈላል። የስደተኞቹ ብዛት ራሱ ከቆጠራ ወይም ከመዝገብ የመጣ በመሆኑ፣ በኩዌት ያየነው ዓይነት ልዩነት እዚህም ይገባል።

ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በጁላይ 2024 የውጭ ምንዛሪ ተመኗን በገበያ እንዲወሰን ከማድረጓ በፊት፣ በባንክና በትይዩ ገበያ ዋጋ መካከል የነበረው ልዩነት ሰፊ ስለነበር ብዙ ሰው ገንዘቡን ከባንክ ውጭ ይልክ ነበር። ያ ገንዘብ ለቤት ኪራይ፣ ለትምህርት ቤት ክፍያና ለእናት መድኃኒት ውሏል፤ በየትኛውም ባንክ ወርሃዊ ሪፖርት ውስጥ ግን አልተጻፈም።